የትኛው ቴኒስ

በአማርኛ ሁለት ቴኒስ አለ፦ ሜዳ ቴኒስና ጠረጴዛ ቴኒስ። ሰው ግን አፉን ማድከም ስለማይወድ ሁለቱንም «ቴኒስ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ የትኛው እንደሆነ ሰሚው ከወሬው አካሄድ ይረዳዋል። እኔ ባደግኩበት የአዲስ አበባ ሰፈር ሣር ላይ ራኬት ይዞ የሚሮጥ ሰው ስላልነበረ «የትኛውን?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኛ ሰፈር ሣር ከተገኘ በግ ይግጠዋል። ይህን የማወራው ቋንቋ ላስተምር ብዬ አይደለም። በዚህች በተዘለለች አንዲት ቃል ምክንያት ቶሮንቶ ውስጥ፣ ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ጡረታ የወጣ የሜዳ ቴኒስ ሻምፒዮን ሆኜ ስለኖርኩ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ልጄ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች በአንድ የሰመር ጠዋት ነው። ቻናል ስትቀያይር አረንጓዴ ሜዳ ላይ ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች አየችና እዚያው ቆመች። ምንድን ነው አለችኝ። ዊምብልደን ይባላል፣ የለንደን ነው፣ ቴኒስ ነው አልኳት። አንተ ተጫውተህ ታውቃለህ ወይ አለች፤ በእንግሊዝኛ ነው የጠየቀችኝ። እኔም በእንግሊዝኛ፣ አዎ፣ እንዲያውም ሻምፒዮን ነበርኩ አልኳት። በአማርኛ ጠይቃኝ ቢሆን ምናልባት ጠረጴዛው ትዝ ይለኝ ነበር። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እኔ ላይ በዚያ ዓመት ሁለቱም አንድ ላይ ደረሱብኝ።

እውነቱን ልናገር። ቀበሌያችን ውስጥ አንድ የወጣቶች መዝናኛ ነበር። እዚያ መረቡ በጫማ ክር የተሰፋ አንድ ጠረጴዛ ነበረ፤ እኔም በሱ ላይ ሌት ተቀን እየተንጠለጠልኩ እጫወት ነበር። አንድ ጊዜ ውድድር ተዘጋጀና ተወዳደርኩ፤ የምስክር ወረቀትም ተሰጠኝ። ስለ ሻምፒዮንነቱ ግን በኋላ እመለስበታለሁ፤ አሁን ብናገር ገና ከመጀመሪያው ትንቁኛላችሁ።

በሚቀጥለው ቀን ላርመው እችል ነበር። ግን ልጅቷ ያየችኝን አስተያየት ብታዩ እናንተም ዝም ትሉ ነበር። ሥራዬ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሎቢ ውስጥ ሴኩሪቲ ነው፤ ሰው ሲገባ ቀና ብዬ አያለሁ፣ ሲወጣም ቀና ብዬ አያለሁ። ልጄ ትምህርት ቤት ሄዳ የምትተርከው ጀብዱ አይደለም። ያን ዕለት ግን አፏን ከፍታ አየችኝ። እና ዝም አልኩ። ጭራሽ ሻንጣ ውስጥ የነበረ አንድ የድሮ ፎቶ አወጣሁ፤ የምስክር ወረቀቴን ደረቴ ላይ ይዤ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ የተነሳሁት ነው። ጠረጴዛው፣ መረቡና ድስት ማማሰያ የምታህለው ራኬት ከወገቤ በታች ነበሩ። የፎቶውን ግማሽ ወደ ኋላ አጥፌ ከደረቴ በላይ ብቻ እንዲታይ አደረግኩና በፍሬም ቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆምኩት። ባለቤቴ አይታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እግርህን የት ጣልከው?» አለችኝ። ፍሬሙ ትንሽ ነው አልኳት።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ እነዚያን ሁለት ሳምንታት አብረን ማየት ልማዳችን ሆነ። ሻምፒዮን የነበረ ሰው ጥያቄ አያመልጠውም ብዬ በሥራ ሰዓት ስልኬ ላይ ማጥናት ጀመርኩ። ለንባብ እንዲህ ተግቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሎቢ ውስጥ አልቀመጥም ነበር። ሣሩ የሚቆረጠው ስምንት ሚሊ ሜትር ሆኖ እንደሆነ፣ ርግብ የሚያባርር ጭልፊት እንዳላቸው፣ ቲኬት ፈላጊው ድንኳን ተክሎ እንደሚያድር፣ ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈች ሴት እንዳለች፣ አንድ ጨዋታ ሦስት ቀን እንደፈጀ፣ ሁሉንም ሸመደድኩ። የወንዶቹ ዋንጫ አናት ላይ አናናስ አለ፤ ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አላገኘሁም፣ እኔ ግን ለልጄ በእርግጠኝነት ነገርኳት። የሴቶቹ ሽልማት ትልቅ የብር ሳህን ነው ስላት ደግሞ ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ፣ «አሸንፋም ሳህን ሰጧት?» ብላ ተመለሰች።

የሦስቱን ቀን ጨዋታ ስነግራት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነው የፈጀው ስላት፣ ልጄ የአንተስ ረጅሙ ስንት ነበር አለችኝ። አርባ ደቂቃ፣ እሱም መብራት ስለጠፋ ነው አልኳት። ሣር ላይ በመብራት ነበር እንዴ የምትጫወቱት ብላ ጠየቀች። ክለባችን ሀብታም ነበር አልኳት።

ቤታችን ውስጥ ደግሞ ውድድሩና የሐዋርያት ጾም ሁልጊዜ ይጋጫሉ። እንግሊዞቹ እንጆሪ በክሬም እየበሉ ነው የሚያዩት፤ ባለቤቴ ደግሞ ሐምሌ አምስት ሳይደርስ ቤቷ ክሬም አይገባም። ስለዚህ እንጆሪውን በኮኮናት ወተት እንበላለን። ለልጄ የድሮው ባህል ይሄ ነው፣ ክሬሙ በኋላ ለቱሪስት የመጣ ነው ብያታለሁ። እሑድ ቅዳሴ ቀርቼ ቴሌቪዥን ፊት ስቀመጥም ለባለቤቴ መልስ ነበረኝ፦ እነሱም እኮ እሑድን ያከብራሉ፣ በመጀመሪያው እሑድ አይጫወቱም እላት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያ እረፍት ቀረና በመጀመሪያውም እሑድ መጫወት ጀመሩ። ወሬውን ከየት እንደሰማች አላውቅም፣ ነጠላዋን እየለበሰች፣ «እነሱም ተዉት አሉ። እንግዲህ አንተ በምን ልታመካኝ ነው?» አለችኝ።

እንዲህ እየሳቅኩ የማወራው አሁን ነው። ልጄ እያደገች ስትሄድ አማርኛዬን በእንግሊዝኛ መመለስ ጀመረች፣ ቀጥሎ በአንድ ቃል፣ ቀጥሎ የክፍሏን በር በመዝጋት። አሥራ አምስት ሲሞላት ከዓመቱ ሁሉ የቀሩኝ እነዚያ ሁለት ሳምንታት ነበሩ። በእነዚያ ጠዋቶች ከክፍሏ ወጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች፤ ጨዋታው ሲጠብቅ ትከሻዋ ትከሻዬ ላይ ያርፋል፤ እኔ ክንዴ ቢደነዝዝም አልነቃነቅም። እውነቱን ካወቀች ይሄም ይቀራል ብዬ እፈራ ነበር። የምትቀመጠው ከሻምፒዮኑ ጋር ነው ብዬ አምኜ ነበር። ከሎቢው ሴኩሪቲ ጋር ለምን ትቀመጣለች?

ይባስ ብላ ጨዋታውን ጀመረችው። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ኢስት ዮርክ አንድ ፓርክ ውስጥ ባለ ሜዳ፣ ሲሚንቶ ነገር ነው፣ ክላስ አስመዘገብናት። እኔ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ምክር እሰጣለሁ። «አንጓሽን! አንጓሽን ተጠቀሚ!» እላታለሁ። ጠረጴዛ ቴኒስን የሚጫወቱት በእጅ አንጓ ነው፤ በሜዳ ቴኒስ ግን አንጓህን እንዲያ ካላላህ ኳሷ ጎረቤት ነው የምትገባው። አሠልጣኟ የዚያችን አንጓ አመል ለማስጣል ሁለት ዓመት እንደፈጀባት በኋላ ሰማሁ። ማን አስተማረሽ ብላ ስትጠይቃት ልጄ፣ አባቴ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ሻምፒዮን ነበር ብላ መለሰችላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትየዋ በሩቁ ስታየኝ ኮፍያዋን ነካ ታደርግልኝ ነበር። እኔም እመልስላት ነበር፤ ምን ላድርግ።

ባለፈው ሰመር ከአሠልጣኟ ኢሜይል መጣ። በዊምብልደን የመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወላጅና ልጅ እየተጣመሩ የሚጫወቱበት ዝግጅት አለ፤ ሁሉም እንደ ለንደኑ ነጭ ይለብሳል፤ እንጆሪ በክሬም ይቀርባል ይላል። ከታች ለእኔ ብቻ አንድ መስመር ጨምራለች፦ በመጨረሻ ስትጫወት ልናይህ ነው። ይህችን መስመር አራት ጊዜ አነበብኳት። ብልህ ሰው ወገቤን ብሎ ይተኛል። እኔ ስማችንን መዘገብኩ።

ልጄ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «ዳዲ፣ ጉልበትህስ?» አለችኝ፣ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ። ጉልበቴ ደህና ነው አልኳት። በማግስቱ ደግማ ጉልበቴን አነሳች። ሐሙስ ዕለት ለሦስተኛ ጊዜ፣ ሊፍት ስንጠብቅ፣ ካመመህ ለኮቿ እኔ እነግርልሃለሁ አለችኝ። ገባኝ። አፈረችብኝ። ሆዴን፣ እንግሊዝኛዬን፣ ጓደኞቿ ፊት መታየቴን ነው የምትፈራው አልኩና በጣም ከፋኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና በዚያው ዕለት ነጭ ቁምጣና ነጭ ሸሚዝ ገዝቼ ገባሁ። ባለቤቴ ሸሚዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አገላበጠችና፣ «ይሄ ነጭ ነው ክሬም? ክሬም ከሆነ ገና ጾም ነው» አለች። ክሬም ነበር። ለልጄ ስምንት ዓመት ሙሉ ወደ ክሬም የሚያደላ ነጭ ዊምብልደን አይገባም እያልኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ደረሰኙን ጥዬው ስለነበር ሄጄ ልቀይረው አልቻልኩም።

ቅዳሜ ዕለት ባለቤቴ ሥራ ገባች። ጾሙ የተፈታውም በዚያው ቀን ነበር። እኔና ልጄ ረፋዱ ላይ የሴቶቹን ፍጻሜ ለማየት ተቀመጥን። እንደዚያ ዓይነት ፍጻሜ አይቼ አላውቅም። ተሸናፊዋ አንድም ጌም ሳታገኝ ስድስት ለዜሮ፣ ስድስት ለዜሮ፣ አንድ ሰዓት እንኳን ሳይሞላ አለቀ። በሴቶች ፍጻሜ እንዲህ ያለ ነገር ከመቶ ዓመት በላይ አልታየም አሉ። ተሸናፊዋ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስታለቅስ ልጄ ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች።

«ዳዲ፣ እንቅር?» አለችኝ። «ፕሊስ።»

አይሆንም አልኳት። ነጭ ለብሰን አውቶብስ ተሳፈርን።

ሜዳው ዳር ነጭ የለበሰ ሰው ሞልቷል። ተጋጣሚ ሆነው የደረሱን አንዲት እናትና ልጇ ናቸው፤ ሴትየዋ በጣም ትሑት ነበረች፣ ከሻምፒዮን ጋር መጫወቷ ክብር እንደሆነ ነገረችኝ። ሰርቩን፣ የመጀመሪያውን ምት፣ ለእኔ ሰጡኝ፤ እንደ እንግዳ እኮ ነው። ኳሷን ያዝኩ። ስምንት ዓመት ስንት ሺህ ሰርቭ አይቻለሁ። ወደ ላይ ትወረወራለች፣ ክንድ ይዘረጋል፣ ትመታለች፤ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ግን ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሲያየኝ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነና ሰውነቴ የሚያውቀውን ብቻ አደረገ። ጎንበስ አልኩ፣ ኳሷን ከደረቴ ፊት ትንሽ ለቀቅኳት፣ በአንጓዬ ቆረስ አድርጌ መታኋት። ኳሷ መጀመሪያ በእኛው ሜዳ አንድ ጊዜ ነጠረች፣ ከዚያ መረቡን አልፋ ወደ ማዶ ሄደች።

ጠረጴዛ ቴኒስ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትክክለኛ ሰርቭ ነው። መጀመሪያ በራስህ በኩል መንጠር አለባት። በሜዳ ቴኒስ ግን ሕፃንም የማይሠራው ነገር ነው። አሠልጣኟ፣ ችግር የለም፣ እንደገና አለችኝ። ደገምኩት፤ አሁንም በራሴ በኩል ነጠረች፣ እንዲያውም ከመጀመሪያው ያምር ነበር። ማዶ ያለችው እናት፣ እንዲህ ሰርቭ ማድረግ የአገራችሁ ልማድ ነው ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ ግን ከእኔ ቀድማ፣ ጉልበቱ ነው፣ ጉልበቱን ስላመመው ክንዱን ማንሳት አይችልም አለች። ጉልበትና ክንድ ምን እንደሚያገናኛቸው ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ ራኬቷን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ሌላ ሰው እንዳይገባው ብላ ይሁን አላውቅም፣ ከተወለደች ጀምሮ እንድትናገረው የለመንኳትን አማርኛ ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከችልኝ።

«ዳዲ፣ እዚህ ጠረጴዛ የለም።»

ስድስት ለዜሮ ተሸነፍን። አንድ ዙር ብቻ ስለነበረ ነው እንጂ የጠዋቱን ሪከርድ ከሰዓት በኋላ በደገምነው ነበር። ከዚያች ቃል በኋላ ጨዋታውን አላስታውሰውም። እንጆሪ በክሬም ተሰጠኝ፣ ጾሙም ተፈትቷል፣ ግን ሳልነካው መልሼ አስቀመጥኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶብሱ ባዶ ስለነበር ከኋላ ተቀመጥን። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው ብዬ ጠየቅኳት። አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ነው። ሳሎን ውስጥ ኳስ ስታነጥር የፎቶው መስተዋት ተሰበረ፤ ስብርባሪውን ልታነሳ ፎቶውን ስታወጣ ታጥፎ አገኘችው። ዘረጋችው። ጠረጴዛውን፣ መረቡን፣ ትንሿን ራኬት አየች። ከዚያ እንደነበረው መልሳ አጠፈችው። ያን ቀን አስታውሰዋለሁ። ለመስተዋቱ ጮኼባታለሁ፤ በሻምፒዮን ፎቶ ትቀልጃለሽ ብዬ።

እንግዲህ አራት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር። ክለባችን ሀብታም ነበር ያልኳት ከዚያ በፊት ቢሆንም፣ ስለ አናናሱ ስምል ታውቅ ነበር። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ጉልበትህ ስትለኝ አፍራብኝ ሳይሆን ልታተርፈኝ ነበር። እኔ ደግሞ ተቀየምኳት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ቤት ከጠራ ቆይቷል፣ ያልነጋው ለእኔ ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

መስኮቱን እያየች ነው የመለሰችልኝ። «ካወቅክ… ማለቴ፣ ማወቄን ካወቅክ፣ ያፍርሃል። ታፍራለህ። ከዚያ ከእኔ ጋር ማየት ትተዋለህ።»

አማርኛዋን አላረምኳትም። እኔ ትሄዳለች ብዬ የፈራሁትን ያህል እሷም ይሄዳል ብላ ስትፈራ ኖራለች። ይህን ስሰማ አለቀስኩ፤ ክሬም ሸሚዝና ነጭ ቁምጣ ለብሼ አውቶብስ ውስጥ። ልጄ ሰው እንዳያየኝ ራኬቷን ፊቴ ላይ ጋረደችልኝ። ራኬት ደግሞ ምን ይጋርዳል።

በማግስቱ እሑድ የወንዶቹ ፍጻሜ ነበር። ባለቤቴ ቅዳሴ ሄዳለች፤ እንጆሪውን አጥቤ፣ በስምንት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ክሬም አፍስሼበት ወደ ሳሎን ስመጣ ልጄ ቀድማኝ ተቀምጣለች። ፎቶው ፍሬም ውስጥ የለም። ዘርግታ ቴሌቪዥኑ ላይ አስደግፋዋለች። ደረቴ ላይ ነጭ የእጥፋት መስመር አለ፤ ከመስመሩ በታች ጠረጴዛው፣ በጫማ ክር የተሰፋው መረብ፣ ማማሰያዋ ራኬት። የምስክር ወረቀቱም የታችኛው ግማሽ ታይቷል፤ ዋናው ነገር በእጅ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። መስተዋቱ የተሰበረ ጊዜ ልጄ ፊደል አታውቅም ነበር። አሁን በቤተ ክርስቲያን የቅዳሜ ትምህርት ቀስ እያለች ታነባለች፤ ለዚያ ትምህርት በየሳምንቱ እየጎተትኩ የወሰድኳት ራሴ ነኝ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትከሻዋን አስደገፈችኝ። ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ፎቶውን ስታይ ቆየችና በጣቷ እየጠቆመች፣ «ሁ… ለ… ተ… ኛ» ብላ አነበበች። ዞር ብላ አየችኝ። «ሰከንድ? ዳዲ፣ ሻምፒዮን አላልክም?»

የሦስት ቀኑን ጨዋታ ላወራ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።

«ስንት ሰው ነበራችሁ?» አለችኝ።

ሦስት ተመዝግበን ነበር፣ አንዱ ግን ሳይመጣ ቀረ አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ስሌቱ ከባድ አይደለም። «ሶ፣ መጨረሻ ነው የወጣኸው» አለች።

«አዎ» አልኳት። የመጀመሪያው ሰርቭ ተመታ። ትከሻዋን ታነሳለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አላነሳችም።